ለእናቴ ቤት ቆርቆሮ ልገዛ ነው፦ 35 ወይስ 32 ጌጅ? (መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ)

የመንዟ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ቤት እያሠራሁላት ነው። ቦታው መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ። እኔ ሥራ ላይ ያለሁት ሪያድ ስለሆነ እዚያ ሆኖ የሚከታተለው ታናሽ ወንድሜ ነው። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ ነው፣ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ከውጭ ሲለካ 6 ሜትር በ8 ሜትር ነው። ከጎኑ ትንሽ ማድ ቤትና የበሬዎች በረት ይኖራል።

የቀረን ክዳኑ ነው። ወንድሜ ዋጋ ሲጠይቅ አንዱ ነጋዴ ባለ 35 አለኝ አለው፣ ሌላው ባለ 32። የ35ቱ ዋጋ ረከስ ይላል። ቁጥሩ እየበለጠ ለምን ረከሰ? ደብረ ብርሃን ያለ ዘመዳችን ደግሞ «ኢጋ ካልሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ» ብሎናል (ኢጋ የሚለው ያንን ባለ ማዕዘን ጉብታ ቆርቆሮ ነው)።

እናቴ ብቻዋን ነው የምትኖረው። በየክረምቱ ጣሪያ የሚጠግንላት ሰው ፍለጋ እንድትዞር አልፈልግም። አንዴ ተሠርቶ ይብቃ። ለማድ ቤቱና ለበረቱስ ያው ቆርቆሮ ይሁን? የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

---

ባለሱቁ

እህቴ፣ መጀመሪያ የቁጥሩን ነገር እናጥራ። ጌጁ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። ገበያ ላይ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ 28 ጌጅ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ 30 ጌጅ 0.3፣ 32 ጌጅ 0.25፣ 35 ጌጅ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስለዚህ 35 የረከሰው ብረቱ ትንሽ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው ትልቅ ቁጥር ሲያይ ወፍራም ይመስለዋል። ይህን እያወቁ ዝም ብለው የሚሸጡ አሉ፣ ያሳዝናል።

ሁለተኛ፣ ውፍረቱ ብቻ አይደለም። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው የተለበጠበት ዚንክ ነው። የሚለካው በካሬ ሜትር በግራም ነው፣ የሁለቱ ፊት ተደምሮ። ጥሩ የሚባለው 275 ግራም ነው። 100 ግራምና ከዚያ በታች የሆነም ገበያ ላይ አለ። አዲስ ሲሆን ሁሉም ያበራልና በዓይን አይለይም። ወንድምሽ ጥቅሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይይ፣ ከሌለ ይጠይቅ።

---

አናጢ_ደብረብርሃን

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እናትን ማሰብ ደግ ነው። ዕድሜዬን የኖርኩት ጣሪያ ላይ ነው፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

ቆርቆሮ ብቻውን አይመረጥም። ከእንጨቱና ከሚስማሩ ጋር ነው የሚመረጠው። 35 ጌጅ የገዛ ሰው ገንዘብ ያዳነ ይመስለዋል። ግን ያ ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ ማገሩ (ቆርቆሮው የሚቸነከርበትን አግዳሚ እንጨት ማለቴ ነው) በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ይፈልጋል። ካልሆነ አናጢው ሲረግጠው ይጎደጉዳል። በረዶም ሲወርድበት ይጎደጉዳል፣ እዚያ አገር ደግሞ በረዶ እንግዳ አይደለም። በጎደጎደው ቦታ ውሃ ይተኛል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። 32 ጌጅ ከሆነ ማገሩን እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ማራራቅ ይቻላል። ለእንጨት ያወጣሽው ይቀንሳል ማለት ነው።

እኔ ብሆን ለእናትሽ ቤት 32 እገዛለሁ፣ አቅም ከፈቀደ 30። የተረፈውን ገንዘብ ለደረቀ እንጨት፣ ጎማ ላለው የቆርቆሮ ሚስማርና ለማሰሪያ ሽቦ አውጪው። እኔ የማውቀው ቆርቆሮው አርጅቶ የፈረሰ ጣሪያ ጥቂት ነው። ንፋስ ከነእንጨቱ ያነሳውና በሚስማሩ ቀዳዳ ያፈሰሰው ግን ብዙ ነው።

---

ዳላስ_ነኝ

ለምን ኢጋ አትገዢም? እኔ ለወላጆቼ ባለ ቀለሙን ነው ያስገባሁት፣ ሲታይ ያምራል። በልክ ስለሚቆረጥ መሐል ላይ መደራረብ የለም፣ ውሃ የሚገባበት ቦታ ያንሳል።

---

አናጢ_ደብረብርሃን

ኢጋ ጥሩ ነገር ነው ወንድሜ፣ አልተቃወምኩም። ለብሎኬት ቤት፣ ቀጥ ላለ ሞራሌ ወይም ለብረት ማገር ይሆናል። ጣሪያው በጣም ዘንበል የማይል ከሆነም ተመራጭ ነው። ለእሷ ግን ሁለት ነገር ያስቸግራታል። አንደኛ እንጨቱ ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ የፈለገ ቢመረጥ ትንሽ ይጎብጣል። ተራው ሞገዳማ ቆርቆሮ ከእንጨቱ ጋር ይተጣጠፋል። ኢጋ ግትር ስለሆነ ጎባጣው ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ሚስማር ወይም ብሎን ስታጠብቂበት ይጣመማል። ሁለተኛ 4 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ከመኪና መንገድ ወደ መንደሩ እንዴት ይደርሳል? የ2 ሜትሩን ሁለት ሰው ይሸከመዋል፣ አህያም ትጭነዋለች።

---

ዳላስ_ነኝ

እሺ ጋሼ፣ ገባኝ። የእኔ ወላጆች ቤት ከተማ ውስጥ ነው፣ መኪናው በር ድረስ ነው የገባው።

---

የጓሳ_ሰው

እኔ የዚያው አገር ሰው ነኝ። እውነቱን ለመናገር የአባቶቻችን ክዳን የጓሳ ሣር ነበር። ጓሳን ማህበረሰቡ በቀሮ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል። ተዘግቶ ይቆይና ሲከፈት ነው የሚታጨደው። በጓሳ የተከደነ ቤት ሌሊት ይሞቃል፣ ዝናብ ሲዘንብ አይጮህም። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ቤታቸውን ቆርቆሮ ያስከደኑ ሰዎች የመጀመሪያው ጥር ላይ «ቤቱ ቀዘቀዘ» ማለታቸው አይቀርም። ለእናትሽ ይህንንም አስቢ።

---

የመንዟ

እውነት ብለሃል ወንድሜ፣ እኔም ያደግኩት በሣር ቤት ነው። ግን እናቴ ራሷ ናት ቆርቆሮ የጠየቀችው። ሣሩን የሚከድን ሰው ማግኘት ከባድ ሆኗል፣ እሳትም ትፈራለች። ቅዝቃዜውን በሌላ መንገድ መከላከል አይቻልም?

---

መሐንዲስ_ሃዋሳ

ይቻላል። ብርዱና ጠዋት ጠዋት ከጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ አብረው የሚሄዱ ናቸው። ቆርቆሮ ሌሊት ከውጭ አየሩ በላይ ይቀዘቅዛል። ቤት ውስጥ ያለው የትንፋሽና የማብሰያ እንፋሎት ይነካውና ውሃ ይሆናል። ሰዎች ጣሪያው ያፈሳል ብለው ሚስማር ይጨምራሉ። ችግሩ ግን ከውስጥ ነው።

መፍትሔው ኮርኒስ ነው፣ ውድ መሆን የለበትም። አቡጀዴ ወይም የታጠበ የማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ ከቆርቆሮው በታች ይወጠር። በጨርቁና በቆርቆሮው መካከል ያለው አየር ነው ሙቀቱን የሚይዘው። በክዳኑ ጠርዝና በግድግዳው መካከል ጠባብ የአየር መግቢያ ይተው፣ እርጥበቱ ከላይ እንዳይታፈን። ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። ሣር ወይም ገለባ ቆርቆሮው ላይ አስጠግተው የሚደለድሉ አሉ፣ ይህን አልመክርም። እርጥበት ይዞ ዚንኩን ይበላል፣ እሳትም ሲነሳ ይይዛል።

---

ትዕግስት_መምህርት

ስለ ድምፁ እኔ ልጨምር። የማስተምረው ገጠር ነው፣ ክፍላችን ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲመጣ ማስተማር አቁመን ቆመን እንጠብቃለን። ከፊት ወንበር ያለው ልጅ እንኳ አይሰማኝም። ጎረቤት ያለው የጤና ኬላ ግን ኮርኒስ አለው፣ በዚያው ዝናብ ሰው ተረጋግቶ ያወራል። ለአንድ አዛውንት ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኮርኒሱን እንዳትተዪው።

---

የመንዟ

አመሰግናለሁ። ኮርኒሱን ከሒሳቡ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። አሁን ብዛቱን እንዴት ልገምት? አንዱ 45 ቆርቆሮ ይበቃል አለ፣ ሌላው 65።

---

መሐንዲስ_ሃዋሳ

ቤቱ 6 በ8 መሆኑ ጥሩ አጋጣሚ ነው። የ2 ሜትር ቆርቆሮ ሳይቆረጥ የሚገጥምበት ልክ አለው። አብረን እናስላው።

በሁለት ወገን የሚወርድ ጣሪያ ይሁን። በረጅሙ ጎን ከግድግዳው ውጭ 60 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ። ከመሐል እስከ ጠርዝ ያለው አግድም ርቀት 3 ሜትር ከ60 ይሆናል። ሁለት ቆርቆሮ በ20 ሴንቲ ሜትር ሲደራረብ 3 ሜትር ከ80 ይሰጣል። ጣሪያው 3.80 እንዲሆን ከግድግዳው ጫፍ እስከ አናቱ 1 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ወደ 19 ዲግሪ ዘንበል ይላል ማለት ነው፣ ለዝናብም ለበረዶም በቂ ነው። ምንም የሚጣል ቁራጭ የለም።

አሁን ወደ ጎን። አንዱ ቆርቆሮ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ተኩል ጉብታ ሲደራረብ የሚሸፍነው 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የቤቱ ርዝመት 8 ሜትር፣ በሁለቱም ጫፍ 50 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር 9 ሜትር። ለ70 ሲካፈል 13 ረድፍ። በአንዱ ወገን 13 በ2፣ ለሁለቱ ወገን 52 ቆርቆሮ። ሁለት ሦስት መጠባበቂያ ይያዝ። ለጣሪያው አናት መሸፈኛ 9 ሜትር ላሜራ ለብቻው ይገዛል፣ እሱም በየመጋጠሚያው 15 ሴንቲ ሜትር ስለሚደራረብ 10 ሜትር በሉት።

ማገሩም ይገጥማል። በ32 ጌጅ ከሆነ ማገሮቹ በየ95 ሴንቲ ሜትሩ ይመጣሉ፦ ጠርዙ ላይ፣ 95 ላይ፣ 1.90 ላይ፣ 2.85 ላይ፣ አናቱ ላይ። ጋሼ ካሉት 90 በጥቂት ይበልጣል፣ ቀጥ ያለና ወፈር ያለ እንጨት ከተመረጠ ግን ይይዛል። የ1.90ዋ ማገር ሁለቱ ቆርቆሮዎች በሚደራረቡበት መሐል ላይ ታርፋለች፣ አንድ ሚስማር ሁለቱንም ይይዛል። በአንድ ወገን 5፣ በሁለቱ 10 ማገር። በ35 ጌጅ ከሆነ ግን 7 እና 7፣ 14 ማገር ያስፈልጋል። አራት ተጨማሪ፣ እያንዳንዱ 9 ሜትር፣ 36 ሜትር እንጨት። ጋሽ አናጢ ያሉት በቁጥር ይኸው ነው።

---

አናጢ_ደብረብርሃን

ኢንጂነር፣ እጅህ ይባረክ። እኔ ላይ ሆኜ በዓይኔ የምለካውን አንተ በወረቀት አወጣኸው። ስለ 95ቱ ተስማምቻለሁ፣ እንጨቱ ከቀጠነ ግን ስድስተኛ ማገር ይግባ፣ አይከፋም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቆርቆሮ ከመጫኑ በፊት ቤቱ ትክክል መሆኑ ይለካ። 6 በ8 ከሆነ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ሲለካ 10 ሜትር መምጣት አለበት፣ በሁለቱም በኩል። አንዱ 10 ሌላው 10 ከ20 ከሆነ ቤቱ ተንጋዷል። ቆርቆሮው ከጠርዙ እየወጣ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ይቆረጣል። ግድግዳው ከተንጋደደ ድንጋይ አይፈርስም፣ በእንጨቱ ይስተካከላል። ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

---

የመንዟ

ወንድሜ ነገ ይለካዋል። 32 ጌጅ ብለን ወስነናል። ግን ነጋዴው 32 ነው ያለው እውነት 32 መሆኑን በምን እናውቃለን? ወንድሜ በእጁ ሲነካው ከ35ቱ ብዙም አልተለየበትም።

---

መሐንዲስ_ሃዋሳ

በሚዛን። ብረት አይዋሽም። አንድ ካሬ ሜትር፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል።

አሥር ቆርቆሮ አብረው ይመዘኑ፣ የእህል ሚዛን ይበቃል። የ2 ሜትሩ ቆርቆሮ ጉብታና ቦይ ሳይወጣለት፣ ጠፍጣፋ ሳለ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር ከነበረ፣ አሥሩ በ0.2 ሚሊ ሜትር 28 ኪሎ፣ በ0.25 ሚሊ ሜትር 35 ኪሎ፣ በ0.3 ደግሞ 42 ኪሎ ይሆናል።

የጠፍጣፋውን ስፋት ለማወቅ ክር ይወሰድ። በቆርቆሮው አጭር ጎን ላይ ከጫፍ ጀምሮ ጉብታውንና ቦዩን እየተከተለ ይለጠፍ፣ ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ። ከዚያ ክሩ ተዘርግቶ ይለካ። ዝም ብሎ ሜትር ቢዘረጋበት 80 ሊመጣ ይችላል፣ ክሩ ግን እውነተኛውን ይሰጣል። ማይክሮ ሜትር ያለው ጋራዥ ካለም ጠርዙን ይለካው።

---

ባለሱቁ

ይህ ትክክል ነው። የሚመዘንበትን ሲሰማ ፊቱ የሚለወጥ ነጋዴ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። እኔ ደንበኛዬ ሊመዝን ሲል ደስ ይለኛል።

---

የመንዟ

ወንድሜ መዝኖ መጣ! ክሩ 90 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አሥሩ ቆርቆሮ 31 ኪሎ ብቻ። 32 ጌጅ ተብሎ ነው የቀረበልን። ባሰላው 0.22 ሚሊ ሜትር መጣልኝ፣ ልክ ነኝ?

ሰያፉን ለክቶታል፣ አንዱ 10 ሜትር ሌላው 10 ከ5 ሴንቲ ሜትር ነው።

---

መሐንዲስ_ሃዋሳ

ልክ ነሽ፣ 0.22 ነው። ዚንኩም አብሮ ተመዝኖ ስለሆነ ብረቱ ከዚያም ያንሳል። የ32 ዋጋ አይከፈልበትም። የሰያፉ 5 ሴንቲ ሜትር ምንም አይደለም፣ እንጨቱ ያስተካክለዋል።

---

ሰለሞን_ጎጃም

እኛም ዘንድ እንዲሁ ተታለው ጎተራ የከደኑ አሉ። ሚዛኑን ቀድሜ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ይህን ገጽ ለአጎቴ ልኬለታለሁ።

---

የመንዟ

ሌላ ሱቅ አገኘን። አሥሩ 35 ኪሎ ተኩል። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል ግን ልቤ አረፈ። ገዝተናል፣ 55 ቆርቆሮ።

አሁን የማድ ቤቱና የበረቱ ነገር ቀረኝ።

---

አናጢ_ደብረብርሃን

እነዚህ ሁለቱ ለቆርቆሮ ክፉ ቦታ ናቸው። ገጠር ንጹሕ አየር ውስጥ ዚንክ ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው። በረት ውስጥ ግን የሽንቱና የፍጉ ትነት ከታች ወደ ላይ ይበላዋል። የማድ ቤት ጭስም እንዲሁ። ከላይ እያበራ ከታች የቀላ ቆርቆሮ ስንት አንስቻለሁ።

ለበረቱ የጓሳው ሰው ያለውን ስሚው። የሣር ክዳን ይሁን። ትነቱ ሣርን አይጎዳም፣ ከብቱም ይሞቀዋል። ከማድ ቤቱ ግን ይራቅ፣ ብልጭታ እንዳይደርሰው። ሣር ካልተገኘና ቆርቆሮ ግድ ከሆነ ግድግዳው ከላይ ክፍት ሆኖ አየር ይለፍበት፣ ጣሪያውም ከፍ ይበል።

ለማድ ቤቱ ርካሹ ይበቃል፣ 35 ወይም ያገለገለ ቆርቆሮ። መቼም ይለወጣል ብለሽ ቁጠሪው። ቀዳዳ ያለበት ካለ ቀዳዳው ወደ ጠርዙ ይሁን። ዋናው ጭሱ የሚወጣበት አናቱ ላይ መተው ነው፣ ለቆርቆሮውም ለእናትሽ ዓይንም።

---

የጓሳ_ሰው

ለበረቱ የሚሆን ሣር ስለማግኘት ወንድምሽ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ይጠይቅ። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጋሽ አናጢ፣ ስለ በረቱ እንዲህ በማለትዎ ደስ ብሎኛል።

---

ባለሱቁ

አሉዚንክ የሚባለውን ለበረት እንዳትገዢ። 55 ከመቶው አሉሚኒየም ነው፣ ለተራ ጣሪያ ረጅም ዕድሜ አለው። የከብት ትነት ግን አይስማማውም። እርጥብ ሲሚንቶም ይበላዋል።

---

ኪዳኔ

አንድ ጥያቄ። ቆርቆሮ መብረቅ ይስባል ይላሉ። መንዝ ደግሞ መብረቅ የበዛበት አገር ነው። እውነት ነው?

---

መሐንዲስ_ሃዋሳ

አይስብም። መብረቅ የሚመርጠው ከፍ ያለ ነገርን ነው፦ ኮረብታ ላይ ያለ ቤት፣ ብቸኛ ዛፍ። ሣር ክዳን ከተመታ ይቃጠላል፣ ቆርቆሮ አይቃጠልም። ነጎድጓድ ሲኖር ግን ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘ ሽቦ ወይም ብረት መንካት የለበትም። ቤቱ ከረጅም ዛፍ ሥር ባይሠራ ጥሩ ነው፣ ቅጠሉም ጣሪያ ላይ ተከምሮ እርጥበት ይይዛል።

---

የመንዟ

ቀድሞ ንፋስ ከነእንጨቱ ያነሳዋል ያሉት አስፈርቶኛል ጋሼ። እዚያ ንፋሱ ኃይለኛ ነው። ምን እናድርግ?

---

አናጢ_ደብረብርሃን

ይህን በደንብ ስሚኝ፣ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ንፋስ ጣሪያን አይገፋም፣ ወደ ላይ ይመጠዋል። ቆርቆሮው ማገሩን ይዟል፣ ማገሩ ወራጁን ይዟል (ከአናቱ ወደ ግድግዳው የሚወርደውን እንጨት)። ወራጁ ግን ግድግዳው ላይ ተቀምጦ ብቻ ከሆነ ሁሉም አንድ ላይ ተነስቶ ይሄዳል። ድንጋይ በጭቃ ሲሆን ሚስማር የሚይዝበት የለም። ስለዚህ ወራጁ በሽቦ ወደ ግድግዳው ውስጥ ይታሰራል።

ግድግዳው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቷል ብለሻል፣ መልካም ነው። ግንበኛው የመጨረሻውን ሁለት ክንድ ሲያነሳ ወፍራም ጋልቫናይዝድ ሽቦ፣ ድርብ አድርጎ፣ በአንድ ትልቅ ድንጋይ ዙሪያ ያዙረው። ድንጋዩ ከግድግዳው ውስጥም ውጭም የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ይሁን። በላዩ ላይ ሌላው ግንብ ይጫነው። የሽቦው ሁለት ጫፍ ከላይ ይውጣ። ወራጁ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ይደረግ። ወራጁ ሲቀመጥ ሽቦው ይጠመዘዝበታል፣ በጉጠት እስኪጠብቅ ድረስ። ጣሪያውን የያዘው የግድግዳው ክብደት ሆነ ማለት ነው። ግንቡ ካለቀም የላይኛው ጥቂት ረድፍ ተነስቶ ይሠራ። የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ አትሳሺለት።

እንጨቱ ልጡ የተላጠ፣ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩን ይለቃል። አናጢው ቸኩሎ ትናንት የተቆረጠ እንዳያስገባ ወንድምሽ ይከታተል።

ሚስማሩ ሁልጊዜ ጉብታው ላይ ነው። ቦዩ ላይ የተመታ ሚስማር ዝናብ ሁሉ በላዩ ያልፋል። ጎማው ቆርቆሮውን እስኪነካ ይመታ፣ ጉብታው እስኪተኛ ድረስ ግን አይደለም። ጠርዙና አናቱ ላይ በየሁለት ጉብታው፣ መሐሉ ላይ በየሦስት። ንፋስ የሚጀምረው ከጠርዝ ነውና እዚያ አይቆጠብ። ቆርቆሮ መደርደር የሚጀመረው ንፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ ጫፍ ነው። ያን ጊዜ የመደራረቢያው አፍ ከንፋሱ ዞሮ ይቀመጣል፣ ዝናብ አይገባም።

---

የመንዟ

ጋሼ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ይህን ለወንድሜ በድምፅ አንብቤ ላኩለት። ግንበኛው «እንዲህ ያለ ሽቦ አላውቅም» ብሎ ነበር፣ በኋላ ግን ድንጋዩን ሲያይ ገባው። ዛሬ ጀምረዋል።

---

ትዕግስት_መምህርት

አሸንዳ እንዳትረሺ እህቴ። ውሃ ከሩቅ የምትቀዳ እናት ከሆነች ጣሪያው ራሱ ምንጭ ይሆናታል። እኛ ትምህርት ቤት በክረምት በዚህ ነው የምንጠጣው።

---

መሐንዲስ_ሃዋሳ

በልክ እንየው። ከላይ ሲታይ ጣሪያው 7.20 በ9 ነው፣ ወደ 65 ካሬ ሜትር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር የዘነበበት ቀን 1,300 ሊትር ይወርዳል። የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ከአምስት በርሜል አያንስም። በአንዱ ወገን ብቻ አሸንዳ ቢደረግ ግማሹ ነው። ከበጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይፍሰስ፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ይጠራቀም። በርሜሉ ክዳን ይኑረው።

አሸንዳ የማይደረግበት ወገን ውሃው የሚወርድበት መሬት ላይ ጠጠር ይነጠፍ። ካልሆነ ጭቃው ተረጭቶ የግድግዳውን እግር ያጥበዋል።

---

የመንዟ

አሸንዳውን በፊት ለፊት በኩል እናደርጋለን። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ቆርቆሮው ዛሬ መንደር ገብቷል። እንጨቱ ግን እስኪደርቅ እንጠብቃለን። ግቢ ውስጥ ተደራርቦ ነው የተቀመጠው። ላስቲክ አልብሰነዋል። ችግር አለው?

---

ባለሱቁ

አለው! ዛሬውኑ ይነሳ። ተደራርቦ የተኛ ቆርቆሮ መሐሉ ውሃ ከገባ አየር ስለማያገኝ ዚንኩ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ላስቲኩም ጤዛውን ውስጥ ይይዘዋል። ጣሪያ ላይ ሳይወጣ ዕድሜው ያልቃል።

ቤት ውስጥ ካለ ቦታ ይግባ። ካልሆነ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ አንዱ ጫፍ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ውሃ ገብቶ ቢሆን እንኳ እንዲወርድ። በየአምስቱ መካከል ቀጭን ዱላ ይግባ፣ አየር እንዲያልፍ። ላስቲኩ ከላይ ብቻ ይሁን፣ ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ። አሁን እርጥብ ከሆነ አንድ በአንድ በጨርቅ ይጠረግ።

---

አናጢ_ደብረብርሃን

ከሲሚንቶና ከጨው ጋርም አንድ ቤት አይቀመጥ። አናጢው የአናቱን ላሜራ ሲቆርጥ በመቀስ ይቁረጥ። በግራይንደር ከቆረጠ የጋለው ፍንጣሪ ቆርቆሮው ላይ ይጣበቅና በየነጥቡ ይዝጋል። ሥራው ሲያልቅ ጣሪያው ላይ የቀረ ሚስማርና ቁራጭ ሁሉ ተለቅሞ በመጥረጊያ ይጠረግ።

---

የመንዟ

ወንድሜ አሁን ደወለ። ሁሉንም ወደ ጎረቤታችን ጎተራ አስገብተውታል። አራቱ መካከላቸው እርጥብ ነበር፣ ጠርገው ለብቻ አቁመዋቸዋል። እንጨቱ ሲደርቅና ወራጁ ሲታሰር ፎቶ አስልኬ እዚሁ አስገባለሁ። ጋሼ፣ የሽቦውን አጠማዘዝ አይተው ይንገሩኝ።

---

አናጢ_ደብረብርሃን

ላኪው ልጄ። ከቅርብ ይነሳ፣ ሽቦው ወራጁን ስንት ጊዜ እንደዞረ እንዲታየኝ። ቆርቆሮው ሳይጫን በፊት ነው የምፈልገው፣ ከተጫነ በኋላ ማስተካከል አይቻልም።